የያሪሷን ዘይት ራሴ ስቀይር፦ ከጥቅምት እስከ ግንቦት 2017

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ። 186,410 ኪሎ ሜትር

መኪናዋ ቶዮታ ያሪስ ናት፣ የ2008 እ.ኤ.አ. ሞዴል። አውቶማቲክ፣ ሞተሯ 1.5 ሊትር። ዛሬ ዘይት አስቀየርኩ። ዘይት 4 ሊትር 3,600 ብር፣ ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያ) 550፣ የእጅ 350። ድምር 4,500።

የጠየቅኩት 5ደብሊው-30 ነበር። ደረሰኙ ላይም የተጻፈው እሱ ነው። ዘይቱ ግን ከጓዳ በጆግ መጣ። ጋሎኑን አሳየኝ ስለው ልጁ "በርሜሉ ውስጥ ያለው ያው ነው፣ አይዞሽ" አለኝ። ከዚያ ቀሪውን ማብራሪያ ለትንሹ ወንድሜ ሰጠው። ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፣ መንጃ ፈቃድ የለውም። መኪናዋ የኔ ናት፣ የምከፍለውም እኔ ነኝ። ከፍዬ ወጣሁ፤ ቀኑን ሙሉ ግን ከነከነኝ። 4,500 ብር ከፍዬ ሞተሬ ውስጥ ምን እንደገባ አላውቅም።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ጠዋት መኪናዋን ሳንቀሳቅስ ኮብልስቶኑ ላይ የሳንቲም ያህል ጥቁር ጠብታ አየሁ። ማታ ከሞተሩ ስር ካርቶን ዘርግቼ አደርኩ። ሲነጋ 4 ጠብታ ነበረው፣ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ።

በስልክ መብራት ተኝቼ አየሁ። ከኮፓው ነው፤ ከሞተሩ ስር ዘይቱ ከሚጠራቀምበት። የማፍሰሻው ቡሎን ዙሪያው እርጥብ ነው። ቡሎኑ ራሱ ጥጎቹ ተልጠዋል። በማይመጥን ቁልፍ ከልክ በላይ ታስሯል ማለት ነው።

ደወልኩላቸው። "ነይ እናጥብቀዋለን" አሉኝ። ትንሽ ካነበብኩ በኋላ እንደገባኝ ግን ማጥበቅ መፍትሄው አይደለም። በቡሎኑና በኮፓው መሃል ቀጭን ጓርኒሲዮን አለ። ሲታሰር ተጨፍልቆ ክፍተቱን ይደፍናል። አንዴ ከተጨፈለቀ ሁለተኛ በደንብ አይደፍንም፤ ስለዚህ በየቅያሪው አዲስ ይደረጋል። የኔ አልተቀየረም። ሲያንጠባጥብ ደግሞ ማጥበቅ፣ እንደገና ማጥበቅ፣ በመጨረሻ የኮፓው ጥርስ ይበላል። ያኔ ኮፓው ሙሉ በሙሉ ይወርዳል።

ስለዚህ ራሴ ልሞክር። ችግሩ ቦታው ነው። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ግቢው ውስጥ መኪና ማጠብ እንኳ ኮሚቴው ከልክሏል። ኮልፌ እናትና አባቴ ቤት ግን ጊቢው ሊሾ ነው፣ በሩም ይዘጋል። እዚያ አደርገዋለሁ። እማዬ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ሊሾዬን እንዳታበላሺው።"

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ። መርካቶ

ሶማሌ ተራ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። መሣሪያ፦ ራቼት (የቡሎን መፍቻ እጀታ) ከ14 ሚሊ ሜትር ቡሶላ (ቡሎኑን ከሚይዘው ጫፍ) ጋር 850 ብር። የፊልትሮ መፍቻ ኩባያ 600። ዘይቱን መቀበያ ሰፊ ሳፋ 250። ጓንትና ጨርቅ 150። እቃ ደግሞ፦ ኦሪጅናል ፊልትሮ (ቁጥሩ 90915 ብሎ የሚጀምር) 650፣ ጓርኒሲዮን 60፣ አዲስ የማፍሰሻ ቡሎን 300።

ዘይቱን ከመርካቶ አልገዛሁም። ማኅተሙ ያልተነካ ጋሎን ከነዳጅ ማደያ ሱቅ ገዛሁ፣ 3,400። ስለ ዘይቱ እዚህ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ሦስት ሻጭ ሦስት ነገር ነግሮኛል።

5ደብሊው-30 ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ሲነሳ ምን ያህል እንደሚፈስ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ በብርድ ቶሎ ይፈሳል። "ደብሊው" ዊንተር ማለት ነው፤ የፈረንጅ ብርድ እንጂ የኛ ክረምት አይደለም። ሁለተኛው ቁጥር ሞተሩ ሲግል ያለው ውፍረት ነው። ብዙ ሱቅ ዝም ብሎ 20ደብሊው-50 ያቀርባል። ወፍራም ስለሆነ ያረጀ ሞተር ላይ ጭስና ማንጠባጠብ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ደንበኛው ደስ ይለዋል። መርዝ አይደለም፤ በሞቃት አገር ብዙ አሮጌ ሞተር በሱ ይሠራል። የኔ ሞተር ግን አያጨስም፣ ዘይትም አይበላም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ጥቅምትና ህዳር ብርድ ውስጥ የምታስነሳ ሰው ዘይቱ ቶሎ ወደ ላይ እንዲወጣላት ትፈልጋለች። ስለዚህ 5ደብሊው-30።

ሌላው ጋሎኑ ላይ ያለው ኤፒአይ የሚል ክብ ምልክት ነው። "ኤስ" ብሎ የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር ነው፣ "ሲ" የሚለው ለናፍጣ። ከ"ኤስ" ቀጥሎ ያለው ፊደል በፈረንጅ ፊደል ተራ ወደ ዜድ በቀረበ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። የኔ ኤስኤን ይላል። ኤስፒ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ ነው፣ እሱም ይሆናል።

ከዚያ መወጣጫ። መጀመሪያ ያሰብኩት መኪናዋን በራሷ ክሪክ አንስቼ ስሯ መግባት ነበር። ጎረቤታችን ጋሼ ይህን ሲሰሙ አቋረጡኝ። ድሮ የከባድ መኪና መካኒክ ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። "አንቺ ልጅ፣ ክሪክ ጎማ ለመቀየር ነው። ሰው አይገባበትም። ድንጋይ ደርድረሽም እንዳትገቢ።" ይህን የተናገሩበት ድምፅ ቀልድ የለበትም። በክሪክ ስር የቀሩ ሰዎች አይተዋል።

ስለዚህ ጣውላ። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 25 ስፋት። ሦስት ሦስቱን እንደ ደረጃ እያሳጠርን ደራርበን በረጅም ቪቴ አሰርን፣ ለሁለቱ የፊት ጎማዎች አንድ አንድ። ከፍታው 15 ሳንቲ ሜትር። ጫፉ ላይ ጎማው እንዳያልፍ የሚያግድ ቁራጭ አለው። ጣውላና ቪቴ 1,400 ብር። ከሁሉም ወጪ ያልቆጨኝ ይህ ነው።

ህዳር 1፣ እሑድ። አልተሳካም

መኪናዋ መወጣጫው ላይ ወጣች። ማርሹ "ፒ" ላይ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ተይዘው። ከመግባቴ በፊት መኪናዋን ከጎን ገፋ ገፋ አደረግናት፣ አልተነቃነቀችም። ሞተሩን 5 ደቂቃ ብቻ አሙቄ አጠፋሁ። ዘይቱ ለብ ሲል በደንብ ይፈሳል፤ በጣም ከጋለ ግን እጅ ይልጣል።

ቡሶላውን አስገባሁ፣ ገፋሁት፣ ሸርተት አለ። ደገምኩት፣ እንደገና ሸርተት። የቡሎኑ ጥግ ከበፊቱ ይበልጥ ተላጠ። አቆምኩ።

ጋሼ መጥተው ቡሶላውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ውስጡ 12 ጥግ አለው። ለጤነኛ ቡሎን ይሆናል፤ ለተላጠ ግን የሚይዘው ጫፉን ብቻ ነው። የሚያስፈልገኝ ባለ 6 ጥግ ነው፣ እሱ የቡሎኑን ጠፍጣፋ ጎን ይይዛል። መርካቶ ላይ ሻጩ ይህን አልጠየቀኝም፣ እኔም መጠየቅ አላወቅኩም።

ሁለተኛ ስህተትም እዚያው ተገኘ። ጋሼ አዲሱን ቡሎን ከኪሳቸው ካወጡት የቶዮታ ቡሎን ጋር ጎን ለጎን አስያዙኝ። ውፍረታቸው እኩል ነው፣ 12 ሚሊ ሜትር። ጥርሳቸው ግን አይገጥምም። የኔ በጥርስና በጥርስ መሃል 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ መሆን ያለበት 1.25። በአይን አይለይም። ሁለቱን ጥርስ ለጥርስ አስጠግቶ ወደ ብርሃን ሲያዩት ነው ክፍተቱ የሚታየው። ያንን በቁልፍ አስገድጄ ብከተው የኮፓው ጥርስ ዛሬ አብቅቶለት ነበር።

የጋሼ ደንብ ይህ ነው፦ ማንኛውም ቡሎን መጀመሪያ በጣት ይገባል። ቢያንስ አራት አምስት ዙር በጣት ካልዞረ ልክ አይደለም ወይም ተጣሟል፤ ይወጣል፣ ይታያል።

መኪናዋን አወረድኳት። ጀሞ ድረስ ስነዳ የዘይት መብራቱን ስጠብቅ ነበር፣ አልበራም። ከዚያ በፊት በዘይት መለኪያው ዘንግ አይቼዋለሁ፤ ጠብታው ትንሽ ስለሆነ መጠኑ ገና መሃል ላይ ነው።

ህዳር 7፣ ቅዳሜ። 187,020 ኪሎ ሜትር

ባለ 6 ጥግ 14 ቡሶላ፣ 180 ብር። ቡሎኑን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቀየሩልኝ። የጋሼን ቡሎን ለናሙና ይዤ ስለሄድኩ ክርክር አልነበረም።

መጀመሪያ ኮፋኖ ተከፍቶ ከላይ የዘይት መሙያው ክዳን ተነሳ። አየር ሲገባ ዘይቱ ሳይንደቀደቅ ይፈሳል። ደግሞም መሙያው የማይከፈት ከሆነ ከማፍሰሴ በፊት ላውቀው እፈልጋለሁ።

አዲሱን ቡሶላ በመዶሻ ቀስ ብዬ መትቼ አስገባሁት። ራቼቱን ሳብኩ። ጠጥ ብሎ ተፈታ። ያን ድምፅ ሲሰማ ወንድሜ አጨበጨበልኝ። የመጨረሻዎቹን ዙሮች በጣት ፈታሁ፣ ቡሎኑን ወደ ላይ ገፋ እያደረግኩ፣ ከዚያ ፈጥኜ እጄን ሳብኩ። ግማሹ ሳፋው ውስጥ ገባ፣ ግማሹ ጓንቴ ላይ። ዘይቱ መጀመሪያ ራቅ ብሎ ነው የሚወረወረው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች አይደለም። ሳፋው ከቡሎኑ ፊት ለፊት አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ማለት ነበረበት። ሊሾው ላይ የፈሰሰውን በሰጋቱራ ሸፈንን። ሰጋቱራው ከሰፈር አናጢ በነፃ ነው።

ዘይቱ 15 ደቂቃ ፈሰሰ። በዚያ መሃል ፊልትሮው።

ፊልትሮው እምቢ አለ። በእጅ የሚታሰር ነገር ነው፣ የኔ ግን በመሣሪያ ተጠፍሯል። ኩባያው ራሱ ፊልትሮው ላይ ይሽከረከራል። አንዱ ጎረቤት በካቻቢቴ ወግተሽ አዙሪው አለኝ። ሲሠራ አይቻለሁ፤ አንዳንዴ ፊልትሮው ተቀዶ አንገቱ ብቻ ይቀራል፣ ያኔ የባሰ ነው። ጋሼ ብርጭቆ ወረቀት አስመጡ። በትንሹ ቆርጠን፣ ሻካራውን ጎን ወደ ፊልትሮው አድርገን ኩባያው ውስጥ ከተትነው። አንዴ ተጫንኩት፣ ዞረ። 20 ደቂቃ የታገልኩበት ነገር በ10 ብር ወረቀት።

ፊልትሮው ሲወርድ ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁት "ላስቲኩ አብሮ ወጣ?" ነው። አየሁ፣ የለም። የአሮጌው ፊልትሮ ላስቲክ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። በዚያ ላይ አዲሱን ባስር ሁለት ላስቲክ ተደራርቦ፣ ሞተሩ ሲነሳ ግፊቱ በመሃላቸው ዘይቱን ይረጨዋል። በጥፍሬ ላጥኩት፣ ቦታውን በንጹህ ጨርቅ ጠረግኩ። የአዲሱን ላስቲክ ዘይት ቀባሁት። በእጄ አዞርኩት፣ ላስቲኩ ሲነካ ምልክት አድርጌ ከዚያ ሦስት አራተኛ ዙር። በእጅ ብቻ።

ቡሎኑ ደግሞ ልክ ያለው ማሰሪያ ይፈልጋል። ለዚህ ሞተር 38 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ኃይሉን የሚለካ ቁልፍ የለኝም፣ ውድ ነው። ያለኝ አክስቴ ከዱባይ ያመጣችው የሻንጣ ሚዛን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ራቼቱን ከቡሎኑ መሃል 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ብይዝና ሚዛኑ 15 ኪሎ ተኩል እስኪል ብስብ 38 ይመጣል። የሚዛኑን መንጠቆ እዚያች ቦታ ላይ አሰርኩ፣ ከራቼቱ ጋር ቀጤ ማዕዘን ሠርቼ ሳብኩ። 15.4 አለ። ይበቃል። የገረመኝ ኃይሉ ማነሱ ነው። ራሴን ብተው በእርግጠኝነት ከዚያ በላይ አጠብቀው ነበር።

አሁን መሙላት። የሃይላንድ ጠርሙስ አንገት ቆርጬ ደረቅ አድርጌ ጠረግኩት፣ ዘይት መጨመሪያ ሆነ። መመሪያው ከፊልትሮ ጋር 3.7 ሊትር ይላል። 3.5 ያህል ጨምሬ መለኪያውን አየሁ። ከታችኛው ምልክት በላይ ትንሽ ብቻ። ጨመርኩ። አሁንም ዝቅ ያለ መሰለኝ። ጋሎኑን ጨረስኩት፣ 4 ሊትር።

ሞተሩን አስነሳሁ። የዘይት መብራቱ በሁለት ሦስት ሰከንድ ጠፋ። ስሩ ደረቅ ነው። 2 ደቂቃ ሠራች፣ አጠፋሁ፣ ከመወጣጫው አወረድኳት። ሜዳ ላይ 10 ደቂቃ ቆማ መለኪያውን ሳወጣ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፏል፣ በግልጽ።

ያጠፋሁት አሁን ገባኝ። የለካሁት አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና ብሎ ነው። ዘይቱ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ መለኪያው ያለው ከፊት። ሜዳ ላይ ካልሆነ መለኪያው ትክክል አይናገርም። መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ አንብቤውማለሁ። እጄ በዘይት ተለውሶ፣ ሰው ከቦኝ ሳለ ረሳሁት።

ማታ ሆኗል። መኪናዋን እዚያው ትቼ በታክሲ ተመለስኩ።

ህዳር 8፣ እሑድ

ዘይት ሲበዛ የሚዞረው የሞተሩ ዘንግ (ክራንክ) ይነካዋል፣ ይመታዋል፣ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ እንደ ዘይት አይቀባም። 300 ሚሊ ሊትር ትርፍ ሞተር አይገድልም ይሆናል፣ ግን ዓላማዬ ልክ ማድረግ ነው።

ቡሎኑን ፈትቶ ትንሽ ማፍሰስ ይቻላል። ግን አዲሱ ጓርኒሲዮን ትናንት ነው የተጨፈለቀው፣ ሌላ የለኝም። ስለዚህ ፋርማሲ ሄጄ 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ትልቅ መርፌና የግሉኮስ ቱቦ ገዛሁ፣ 120 ብር። ፋርማሲስቷ ለታማሚ መስሏት መርፌ የሚወጋ ሰው አለ ወይ አለችኝ፤ ለመኪና ነው ስላት ቱቦውን ረጅም መርጣ ሰጠችኝ።

ቱቦውን በመለኪያው ቀዳዳ አወረድኩት። ዘይቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ሞተሩን 3 ደቂቃ አሙቄ፣ አጥፍቼ፣ ጠብቄ ስደግም ተሻለ። 6 ጊዜ ሳብኩ፣ 360 ሚሊ ሊትር። ለካሁ። ከላይኛው ምልክት አንድ ፀጉር ዝቅ ብሏል። እዚያው ተውኩት። የወጣው ዘይት ንጹህ ነው፣ በማርማላታ ብልቃጥ አድርጌ ላዩ ላይ ጽፌ አስቀመጥኩት፣ ቢጎድል መሙያ ይሆናል።

ሂሳብ። መሣሪያ በመጀመሪያ 3,250፣ ቡሶላ 180፣ መርፌና ቱቦ 120። ድምር 3,550 ብር። ዘይት፣ ፊልትሮና ጓርኒሲዮን 4,110፤ ጋራዥ ቢሆን 4,500። በአንድ ቅያሪ የማተርፈው 390 ብር ነው። መሣሪያው ወጪውን የሚመልሰው በ10ኛው ቅያሪ ነው ማለት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ አልቀይርም። ሁለት ቅዳሜና ሁለት እሑድ የፈጀሁትን አልቆጠርኩም።

ስለዚህ "ራስህ ቀይር፣ ገንዘብ ታተርፋለህ" የሚለው ምክር እዚህ አገር ብዙም አይሠራም። የእጅ ዋጋ ርካሽ ነው፣ ውዱ እቃው ነው፣ እቃውን ደግሞ ሁለታችንም ከአንድ ገበያ ነው የምንገዛው። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ዘይት ራሷ ስትቀይር የምታተርፈው የሰው ጉልበት ዋጋ ነው። እኔ የገዛሁት ሌላ ነገር ነው። ከጋሎኑ ማኅተም እስከ ጓርኒሲዮኑ ድረስ ሞተሬ ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ቡሎኑ በስንት ኃይል እንደታሰረ አውቃለሁ።

ህዳር 12፣ ሐሙስ

ህዳር ሲታጠን ነው። ኮልፌ ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። የሰፈር ልጆች የተቃጠለ ዘይት እንዳለን ሰምተው መጡ፣ እርጥቡ ቆሻሻ እንዲነድላቸው። አልሰጠሁም። ልማዱ የመጣው በ1911 የህዳር በሽታ ጊዜ ነው፣ ሰውን ከበሽታ ለማዳን ተብሎ። የሞተር ዘይት ጭስ ደግሞ በተቃራኒው ሰው የሚያሳምም ነው፣ ከሞተሩ የተፋቀ ብረትም አለበት።

ሌላው ጥያቄ የመጣው ቤት ከሚሠራ ጎረቤት ነው፣ ኮንክሪቱ ጣውላው ላይ እንዳይጣበቅ ሊቀባበት። ይህን ሁሉም ሰው ያደርገዋል። ቦታው ግን የውኃ መውረጃ አጠገብ ነው፣ ሳይ አልወደድኩትም።

በ5 ሊትር ጀሪካን አድርጌ፣ "የተቃጠለ ዘይት" ብዬ በትልቁ ጽፌ፣ ወደ አንድ ማደያ ወሰድኩት። በርሜላቸው ውስጥ ገለበጡት። ሰብስበው እንደሚሸጡት ነገሩኝ፣ ስለዚህ በደስታ ነው የተቀበሉኝ። ወደፊት እንዲሁ። አንድ ነገር ግን፦ በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡት። ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ያስፈራል።

ታህሳስ – ሚያዝያ

በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሜዳ ላይ እለካለሁ። ደብተር ላይ የምጽፈው ሦስት ነገር ነው፤ ኪሎ ሜትር፣ መጠን፣ ካርቶኑ ላይ ጠብታ አለ ወይስ የለም።

ጠብታ የለም። አንዴም።

ዘይቱ በ1,500 ኪሎ ሜትር ጠቆረ። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ጋሼ ሳቁ፤ "መጥቆሩማ ሥራው ነው፣ ቆሻሻውን ይዞታል። የሚያስፈራው እንደ ወተት ሲነጣ ነው።" ሲነጣ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፣ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል።

እስከ ሚያዝያ መጨረሻ የጎደለው ከምልክት እስከ ምልክት ካለው ሩብ ያህል ነው። የማርማላታው ብልቃጥ አልተነካም።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ። 192,040 ኪሎ ሜትር

5,020 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ከዚህ በላይ ይሄዳል የሚሉኝ አሉ። የኔ መንገድ ግን ከጀሞ ሜክሲኮ ነው፤ አጭር፣ ቁም ሂድ፣ አቧራ። ሞተሩ ላይ ከባድ የሚባለው አነዳድ እንዲህ ያለው ነው። 5,000 ላይ እቀይራለሁ።

ዋጋ ጨምሯል። ዘይት 3,900፣ ፊልትሮ 700፣ ጓርኒሲዮን 60። ድምር 4,660። ያው ጋራዥ አሁን 5,100 ይላል።

ከመወጣጫው እስክትወርድ 50 ደቂቃ። ሳፋው ራቅ ብሎ ተቀመጠ፣ ሊሾው ላይ ጠብታ አልወደቀም። ቡሎኑ በመጀመሪያው ስቦሽ ተፈታ፣ ጥጎቹ ሁሉ ጤነኛ ናቸው። ፊልትሮው በእጄ ዞረ፣ ኩባያው አላስፈለገም። ላስቲኩ አብሮ ወጥቷል፣ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። 3.5 ሊትር ብቻ ጨምሬ አወረድኳት፣ ሜዳ ላይ ለካሁ፣ ከዚያ ቀስ እያልኩ ሞላሁ።

የተለየው ሥራውን የሠራው ማን እንደሆነ ነው። ግማሹን ወንድሜ ሠራው። ቡሎኑን በጣቱ 5 ዙር ካዞረ በኋላ ራቼቱን ጠየቀኝ። ጋሼ ወንበር ላይ ሆነው ቡና እየጠጡ ያዩ ነበር፣ ምንም አላሉም።

የፍሬንና የካምቢዮ ዘይት አሁንም ጋራዥ ነው የማስቀይረው። ፍሬን ውስጥ አየር ቢቀር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ካምቢዮው ደግሞ የራሱ ዘይትና የራሱ አለካክ አለው። ጋራዥ ጉድጓድ አለው፣ ብርሃን አለው፣ ከስር ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያያል። አሁን ግን ስሄድ ጋሎኑን ከማኅተሙ ጋር ይዤ እሄዳለሁ፣ ሲከፈት ቆሜ አያለሁ። ባለፈው ወር ሲሠሩልኝ አንዱ ልጅ ጓርኒሲዮኑን አሳይቶኝ "አዲስ ነው፣ እይው" አለኝ። ያናገረው እኔን ነው።

ማታ ካርቶን ዘርግቼ አደርኩ። ሰኔ 1 ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነው። ኮፋኖው ውስጥ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በቋሚ እስክሪብቶ ጻፍኩ፦ 5ደብሊው-30፣ 192,040። ቀጣይ 197,040።